የሞቀው ሣር

ልጅ ሳለሁ፣ ያን ቀትር አባቴ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ጠመንጃውን ይዞ ተንበርክኳል፤ አጎቴ በሽንፋ ወንዝ ዳር ቆሟል፤ እኔ ከአጎቴ ኋላ ነኝ። አጋዘኑ የሚተኛው በመካከላችን ባለው ረጅም ሣር ውስጥ ነበር።

ነፋሱ ዞረ። አጎቴ፣ «ሽታሽ ሊደርሰው ነው። ዝቅ ብለሽ ሣሩን ዙሪና ከአባትሽ ኋላ ሁኚ» አለኝ።

መንገዱ ጠፍቶኝ ሣሩ ውስጥ ገባሁ። መዳፌ የተጋደመ ሣር ነካ። ይሞቃል፤ አጋዘኑ ገና መነሳቱ ነው። ከፊቴ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ።

«አባ፣ እኔ ነኝ!»

አባቴ ሮጦ አነሳኝ። ላቡ ፊቴ ላይ ይንጠባጠባል።

«አጋዘኑ መስላኝ… ጣቴ እምቢ ባይለኝ ኖሮ…» አለው ከወንዙ ዳር ለመጣው አጎቴ።

ጣቱን የተቆጣው መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጥጃችን ከተነሳችበት ሣር ላይ እጄን አሳረፍኩ። ይሞቃል።

«እምዬ፣ ምነው እጅዎን ከሣሩ አላነሱም?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

የአባቴ ጣት ትዝ ብሎኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ሄድኩ።