ማኅተም የሌለው ይቅርታ

የገብስ ማሳዬን መንገድ ወሰደው። ምትክ መሬት ይሰጥሃል ተባልሁ፤ ሦስት ክረምት ጠበቅሁ። ሴት ልጄ ከነልጆቿ የምታድረው በዚያ ማሳ እህል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከዳባት ወደ ደባርቅ ስሄድ፣ የአገሩ ዳኛ ላልሰማው ሰው የአፍሪካ ፍርድ ቤት አለለት ሲባል በአውቶቡሱ ሬዲዮ ሰማሁ። ገበያውን ትቼ በቀጥታ አንዲት ጠበቃ ዘንድ ገባሁ። የደብራችን መሪጌታ ልጅ ናት።

«ክሰሺልኝ» አልኋት። «ሌቦች ብለሽ ጀምሪ።»

ሳቀች። «አባባ፣ ስድብ ያለበትን አቤቱታ አይቀበሉም።»

«ሌባን ሌባ ማለት ስድብ ነው እንዴ?»

«እዚያ ነው። ስምዎም መጻፍ አለበት፤ ማስረጃውም ከሬዲዮ የሰሙት ብቻ አይሆንም። ደግሞ አገራችን ፍርድ ቤቱን ገና አልተቀበለችውም፤ የሚኬደው ወደ አፍሪካ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ነው፣ መስፈርቱ ግን ያው ነው። ከሁሉ በፊት የአገር ቤቱን ፍርድ ቤት እስከ ላይ ድረስ ጨርሰው ይምጡ ይላል። የወረዳው ውሳኔ የታለ?»

«ውሳኔስ የለም» አልኋት።

ወረዳ ፍርድ ቤት ከስሼስ ነበር። ግን መሬት የሚመድበው ሹም ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ የንስሐ አባቴን መስቀል አስይዞ ደጄ መጣ። ምትኩን እሰጣለሁ ብሎ በፊታቸው ቃል ገባ። በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው እንቢ ማለት ነውር ነው። «ይቅር ብያለሁ፣ ጣለው» አልሁ፤ በማግሥቱም ክሱን አነሣሁ። እሱ ድንጋዩን ጣለ፣ መሬቱን ደግሞ ረሳ።

ይህን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «ይቅርታ እኮ ማኅተም የለውም፣ አባባ! ደግነቱ ክሱን እርስዎ አነሡት እንጂ አልተፈረደበትም። እንደገና ማቅረብ ይቻላል።»

«ይቅር ያልሁትን? ሞቼ ነው!» ብያት ወጣሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ያዝኋቸው።

«አባቴ፣ ይቅርታዬን ላፍርሰው ወይስ ልጄ ትራብ?»

«አንተ ግትር! ይቅር ያልኸው ሰውየውን ነው። መሬቱም አብሮ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር እንዴ?»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ታስተነፍሰኛለህ?»

ማክሰኞ ስለዚያ ቃል ሊመሰክሩልኝ አብረውኝ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጠበቃዋ የጻፈችልኝን አቤቱታ ዳኛዋ ተቀበለች፤ የሹሙ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይመልስ ብላ ቀጠሮ ሰጠች። ልፈርም ስሜን በእጄ ፊደል በፊደል ስጽፍ ሰልፉ ቆመ።

«አባት፣ መጽሐፍ እየጻፉ ነው?» አለኝ ከኋላዬ የቆመው።

«ስሜን ነው። አንተ ስም የለህም?»

ስንወጣ ሹሙን በሩ ላይ አገኘነው።

«ይቅር ብለውኝ አልነበር?» አለኝ።

«አሁንም ይቅር ብዬሃለሁ። ልጆች ደህና ናቸው? ቀጠሯችን ከመስቀል በኋላ ነው፣ እንዳትቀር።»

የንስሐ አባቴን አየ፣ እኔን አየ። «ከቀጠሮው በፊት መሬቱን ላሳይዎ እችላለሁ።»

«አሳየኝ» አልሁት። «ግን በጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ።»