ጀርባው ጥቁር ሌባ

ላሜራ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ፎቶ በጣት ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ ቀጭንና ደረቅ ነው፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ ይላል። በቀደም ልጄ ሕይወት ከአፋር መንገድ ተመልሳ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቅና፣ «እማዬ፣ ይሄ ውሻ ነው ወይስ ተኩላ? አውቶብሱ በሙሉ ተከራክሮ አልተስማማም» እያለች መስታወቱን በጥፍሯ ስትመታው ያ ድምፅ ተመልሶ መጣ። እንስሳውን አላየሁትም፣ ዓይኔ የሄደው ከኋላው ምን እንዳለ ለማየት ነው። «ለማን አሳየሽው?» ስላት ሳቀችብኝ። ለሷ ያስቃል። እኔ ግን ያደግኩት አሰብ ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ አሥር ዓመቴ ሳለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንዲት ፎቶ በጣቱ ሲመታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ነበር። ጣቱ ያረፈው እንስሳው ላይ ሳይሆን ከእንስሳው በላይ በሚታዩት፣ ፎቶ እንዳይነሱ በተከለከሉት የነዳጅ ታንከሮች ላይ መሆኑን ሳይ ነው አባቴ ወደ ቤት ላይመለስ እንደሚችል የገባኝ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አጻጻፌን የሚያርም ያርም፣ ነገሩን ግን ማንም አያርምልኝም።

ከኅዳር እስከ የካቲት አሰብ ሰው ትሆን ነበር፣ ነፋሱ ከባሕሩ ቀዝቀዝ ብሎ ይመጣና ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ከመተኛት ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። አባቴ ወደቡ ላይ ክሬን ነጂ ነበር፣ ስድስት ቀን ሙሉ ከላይ ሆኖ የሰው ጭነት ሲያወርድ ሰንብቶ እሑድ እሑድ ጠዋት እኔን ብስክሌቱ ላይ ያፈናጥጥና ወደ በይሉል በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ይወጣ ነበር። ከመርከብ ከወረደ ዕቃ የገዛት ትንሽ ካሜራ ነበረችው፣ ፊልም እንደ ልብ ስለማይገኝም አንዱን ፊልም ግማሽ ዓመት ያቆየው ነበር፣ ለእያንዳንዷ ፎቶ ሦስቴ አስቦ። አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፣ «ሙሉ፣ ካሜራ ስትይዢ ታንከሮቹን ሁልጊዜ ከጀርባሽ አድርጊ» ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠይቅም ነበር፣ አሰብ ያደገ ልጅ የማይጠየቀውን ያውቃል።

አንድ እሑድ ጥቋቁሮቹ ድንጋዮች ጋ ተቀምጠን ዳቦ ስንበላ ያ እንስሳ ከድንጋዩ መሀል ወጥቶ ቆመና እንደሚያውቀን ሁሉ ትኩር ብሎ አየን፣ ጆሮዎቹ ረዣዥም፣ እግሮቹ ቀጫጭን፣ ጀርባው ላይ ኮርቻ እንደተጫነበት ጥቁር ሆኖ። «እኔ ላንሳው፣ አባዬ» አልኩና ካሜራዋን ነጠቅኩት። እንስሳው ዞረ፣ እኔም አብሬው ዞርኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩት። አባቴ ከዳቦው ቀና ብሎ አየና፣ «ወይኔ ሙሉ! ታንከሩን ከጀርባሽ አላልኩሽም?» አለ፣ ከዚያ ፊቴ መለወጡን ሲያይ ፀጉሬን አሻሽቶ፣ «ግድ የለም፣ እሱ ላይታይ ይችላል» አለኝ።

ታየ። ፊልሙ ያለቀው ሙቀቱ ከጀመረ በኋላ፣ ከፋሲካ ወዲህ ነበር፣ አባቴም እንዲታጠብለት ፎቶ ቤት ሰጠው። ፎቶ ቤቶች እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያገኙ ለቀበሌ ማሳየት ነበረባቸው፣ በባለ ፎቶ ቤቱ አልፈርድም፣ እሱም ልጆች ነበሩት። ሰኞ ዕለት ሁለት ሰዎች መጥተው አባቴን ከምሳ ላይ አስነሥተው ወሰዱት፣ ካሜራዋንም ከመሳቢያ አውጥተው ያዙ። ሁለት ቀን እናቴ ምግብ ስትወስድ ዕቃውን ከበር ተቀብለው ይመልሷት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነጠላዋን አጣፋች፣ እጄን ያዘች፣ «ዛሬ ዕቃውን ራሴ ካላስገባሁ አልመለስም» አለች፣ ሄድን።  

ሊቀመንበሩ ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ተቀምጦ ነበር። ፎቶዋን ላሜራው ላይ አስቀምጦ መታ መታ አደረጋትና፣

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ቀበሮ ነዋ።»

«እኔ የባሌ ልጅ ነኝ፣ ቀበሮ እያየሁ ነው ያደግኩት። ቀበሮ ቀይ ነው። ይሄ የመንደር ውሻ ነው። ውሻ ለማንሳት ፊልም የሚያባክን ሰው የት አለ? ባልሽ ያነሳው ታንከሩን ነው፣ ውሻው መሸፈኛው ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው» አለች እናቴ፣ «ቀዩን ከየት ያምጣልዎት?»

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ አፉን በእጁ ያዘ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም፣ የአባቴን ወረቀት ወደ ላይ ልኮ ከእጁ ሊያወጣው እንደሆነ ነገራት። ወደ ላይ የተላከ ሰው ምን እንደሚሆን ሰፈራችን ያውቅ ነበር። እኔ ያኔ ነው፣ እናቴ አስቀድማ ዝም በይ ብላኝ ሳለ፣ «ያነሳሁት እኔ ነኝ!» ብዬ የጮህኩት። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ አሁንም ድረስ ቁንጥጫው ይሰማኛል። እኔ አልተውኩም፣ «እሱ ዞረ፣ እኔም ዞርኩ፣ አባቴ ዳቦ እየበላ ነበር!» አልኩ።

«ማን አስጠናሽ?» አለኝ።

«ማንም!»

እናቴ መሀል ገባች። «ልጄን ካላመኑ ባለ ወተቷን ያስጠሯት። ፍየሎቿ በዚያ መንገድ ነው የሚውሉት፣ በርስዎም ቤት ወተቷ ይገባል። ከኛ ጋር እንዳልተነጋገረች ጥበቃዎ ይመሰክራል፣ እኛ እዚሁ ነን።»

ባለ ወተቷ እትዬ ኸዲጃ ነበረች፣ በየጠዋቱ ከከተማው ዳር የፍየል ወተት ተሸክማ የምትመጣ የአፋር ሴት፣ ረዥም፣ ለማንም የማትሽቆጠቆጥ። ጥበቃው ከጎረቤት በር ላይ ይዟት መጣ። ሊቀመንበሩ ምንም ሳይነግራት ፎቶዋን ሰጣት። ወተቷን መሬት አስቀመጠች፣ ፎቶዋን ወደ ብርሃኑ አዙራ ራቅ፣ ቀረብ አድርጋ አየችና ድንገት በመዳፏ ጠረጴዛውን መታችው።

«ይሄ ሌባ! የት አሰርከው?»

«ማንን?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሱን! ሁለት ግልገል በልቶብኛል። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ጭራው መጥረጊያ። ቀበሌ ሌባ ሲይዝ ነው ፎቶ የሚያነሳው፣ አምጣው፣ ፊት ለፊት እመሰክርበታለሁ!»

ጥበቃው ከዚህ በላይ አልቻለም፣ ወደ ውጭ ወጥቶ ሲስቅ ድምፁ ይሰማን ነበር። ሊቀመንበሩ ፊቱ እየቀላ፣ «ውሻ አይደለም ወይ፣ ኸዲጃ?» አላት።

«ውሻ?» አለች ከላይ እስከ ታች እያየችው። «ውሻ የሰው ነው፣ ሰው ሲያይ ጭራውን ይቆላል። ይሄ የማንም አይደለም። አንተ ውሻና ሌባ ካልለየህ እዚህ ወንበር ላይ ማን አስቀመጠህ?»

 ሊቀመንበሩ ከመሳቢያው መቀስ አውጥቶ፣ ፎቶዋን አግድም ቆርጦ፣ ታንከሮቹን ከነኔጋቲቩ ለራሱ አስቀረና የቀረውን ወረወረልን። የእንስሳው የጆሮ ጫፍ አብሮ ተቆርጦ ነበር። አባቴን ከጓሮ አመጡት፣ ጢሙ አድጎ፣ ቀበቶውን በእጁ ይዞ። ካሜራዋን አልሰጡንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

መንገድ ላይ እናቴ እትዬ ኸዲጃን አቅፋ፣ «እንኳን ፎቶ የማታውቂ ሆንሽልን!» ብትላት፣ እትዬ ኸዲጃ ቆም አለችና ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ የቀበሌ መታወቂያዋን አወጣች። ላዩ ላይ ፎቶዋ ነበር። «አላውቅም መሰለህ?» አለች እናቴን፣ አማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነበር የሚል፣ «እኔስ መች ታስሬ ነው የተነሳሁት?» ብላ ወተቷን አንስታ ሄደች።

ቤት ገብተን አባቴ ሲቀመጥ እናቴ በሩን ልትዘጋ ሄደችና እጇ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቆመች፣ ከዚያ ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ይየን፣ የሚያይ ሁሉ» አለች። ቁራጩንም ፎቶ ከቀበሌ የሚመጣ ሁሉ ሳያየው እንዳያልፍ ሳሎኑ ውስጥ ከበሩ ትይዩ ሰቀለችው። ሐምሌ ሆኖ የሰፈሩ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ በአውቶብስም በአውሮፕላንም ወደ ደጋ ሲወጣ እኛ አልወጣንም፣ ፈርተው ሸሹ እንዳይባል እናቴ እምቢ ብላ ግቢው ውስጥ አልጋ ዘርግተን በላብ ተጠምቀን ከረምን። ቅዝቃዜው ሲመለስ አባቴ እሑድ ጠዋት ብስክሌቱን አወጣ። «ካሜራ የለንም እኮ» ስለው፣ «በዓይን ማየት አልተከለከለም» አለኝና በዚያው በበይሉል መንገድ ይዞኝ ወጣ።

አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ አባቴም እናቴም የሉም። እናቴ በሩን የከፈተችውን ያህል እኔ ስዘጋ ነው የኖርኩት፣ ልጄ ስልኳን አውጥታ መንገድ ላይ ባነሳች ቁጥር ግራ ቀኝ የማየው እኔ ነኝ። በቀደም ግን የሕይወትን ስልክ ከእጇ ወስጄ፣ ከግድግዳው ቁራጩን ፎቶ አወረድኩና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ያው ኮርቻ፣ ያው ቀጫጭን እግር፣ የሷው ግን ጆሮው ሙሉ ነው። ከኋላው ያለውንም ደግሜ አየሁ፣ ቁጥቋጦና ሰማይ ብቻ ነበር።

«ቀበሮ ነው፣ ጀርባ ጥቁሩ» አልኳት። «ለአውቶብሱ በሙሉ ላኪላቸው፣ ‹እናቴ ነች ያለችው› በያቸው።»

ልጄ ቤት ገብታለች፣ በሩም ክፍት ነው። ደኅና ነን።