በር ዘግቶ መታመም

ኩላሊቶቼ ሥራቸውን ካቆሙ በኋላ ዲላ ላይ ያኖረችኝ ሆዴ ላይ የተተከለች ቀጭን ቱቦ ነበረች። ንጹሑን ፈሳሽ ከከረጢቱ ወደ ሆዴ አስገባለሁ፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ደሜን በማሽን ለማሳጠብ አዲስ አበባ መክረም ቀረልኝ፤ እናቴ ቤት ሆኜ ራሴው አጥባለሁ። ሐኪሙ ግን አስጠንቅቆኛል። "ስትቀይር እጅህን ታጠብ፣ አፍህን ሸፍን፣ በር ዝጋ። ጀርም ገብቶ ሆድህ ከተመረዘ ቱቦው ይወጣል፤ ያኔ ኑሮህ አዲስ አበባ ነው።"

እጅ መታጠብስ ምን ገዶኝ። በር መዝጋት ነው በኛ ሰፈር ከበሽታው የሚከብደው። ጠያቂ ይገባል፣ ይስማል፣ ይቀመጣል፤ የታመመ ሰው በር አይዘጋም። ጎረቤታችን በመስኮት፣ "ሙሽራ ነህ እንዴ ተዘግቶብህ የምትውለው?" ስትለኝ እስቅ ነበር። እናቴ አትስቅም። "ሰው ምን ይለናል" እያለች ትብሰለሰላለች።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ የሟች አባቴ ወዳጅ ከኮንጋ መጡ። እስከ ይርጋጨፌ በሞተር፣ ከዚያ በአውቶቡስ፤ ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። እኔ ቱቦዬን ከፍቼ አዲሱን ከረጢት ላገናኝ ነበር። እናቴ እኚህን ሰው ደጅ ልታቆማቸው አልቻለችም፤ ከፈተችላቸው። በእርጥብ ጋቢያቸው እቅፍ አድርገው ሳሙኝ። ቱቦው ከእጄ አምልጦ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ።

አባቴን ገንዘው የቀበሩ ሰው ናቸው፤ ውጡልኝ ይባላሉ? እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር። ከታመምኩ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ነበር የሚይዘኝ፤ እንዲያ አጥብቆ ያቀፈኝ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የሚወጣው ፈሳሽ ደፈረሰ፣ ሆዴ ነደደ። መድኃኒቱም አልያዘልኝ፤ ቱቦው ወጣ።

ይኸው አዲስ አበባ፣ ከእናቴ ጋር፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነን። ከማሽኑ ስመለስ ደክሞኝ እተኛለሁ። እሷ በሩን ከማለዳ ጀምሮ ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። "ዝጊው፣ ብርድ ነው፤ ማን ሊመጣ?" ስላት፣ "ግድ የለም፣ ይከፈት" ትለኛለች። የግቢው ሰው ሰላም ብሎ ያልፋል እንጂ አይገባም።

የኮንጋው ሽማግሌ አንዳንዴ ይደውላሉ። ቱቦው ለምን እንደወጣ አያውቁም፤ እንዲያውቁም አልፈልግም።

"ያን ጊዜ እንኳን መጣሁ" ይሉኛል፣ "ዓይንህን አየሁት።"

"እንኳን መጡ፣ አባባ" እላቸዋለሁ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ተነስታ ደጃፉ ላይ ትቆማለች፤ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ።