የሐዘን ሻሽ ያሰረው ዛፍ

ሉየንን መንደራችን «የጨው ልጅ» ይላታል። ከባሕር ዳርቻ፣ ጨው ከሚያደርቁ ሰዎች ተድራ የመጣች ናት። እኛ ደግሞ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ በቀይ ወንዝ ዳር፣ በሸክላ ገበታ ላይ ድንክ ዛፍ ስናሳድግ የኖርን ነን፤ ጨው ለእኛ ሥር የሚያቃጥል ጠላት ነው። የባሏ አባት ገና በሠርጓ ማግስት «በዚያ እጅሽ ዛፌን እንዳትነኪ» አሏት። ውሃውን ከወንዝ ተሸክማ የምታመጣው ግን እሷው ነበረች፤ ሽማግሌው ከባልዲዋ እየቀዱ ያጠጡታል። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰው የሚንቀውን ሰው ድካም ሳያፍር ይጠቀምበታል፣ የሚያፍረው ስሙን ለመጥራት ነው።

ዛፉ ሳን ይባላል፤ የዋርካ ዘመድ ነው። ቁመቱ ከሰው ደረት አያልፍም፣ ግንዱ ግን የሽማግሌ ዋርካ ግንድ ነው። ሙቀት ለምዶ የተፈጠረ ስለሆነ የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ይታመማል። ሽማግሌው ሲሞቱ ለልጃቸው፣ ለሉየን ባል ለኳት ደረሰ። ኳትም ባለፈው መከር ሞተ።

በእኛ ዘንድ የቤቱ ጌታ ሲሞት በግቢው ላሉት ዛፎች ሁሉ የሐዘን ሻሽ ይታሰርላቸዋል። ያልታሰረለት ዛፍ ጌታውን ተከትሎ ይደርቃል ይባላል። በቀብሩ ዕለት የኳት ታናሽ ወንድም ቲክ ነጭ ጨርቅ እየቀደደ ለትርንጎውም ለዘይቱኑም አሰረ። ሳኑ ጋ ሲደርስ አለፈው።

«ይኼ የአባቴ ነው እንጂ የወንድሜ አይደለም» አለ። «በብርዱ ማብቂያ ከሚገባው አዲስ ዓመት በፊት መኪና ይዤ መጥቼ ወደ ከተማ ገበያ እወስደዋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው!»



ከዚያ ብርዱ መጣ፤ የሚያርሱልን ጎሾች በበረታቸው የሚሞቱበት ብርድ። ሁሉም ገበታውን እያነሣ ወደ ቤት አስገባ። ሳኑን ለማንሣት አራት ጎልማሳ ይፈልጋል። ኳት በሕይወት ሳለ ጎረቤት ተሰብስቦ ያስገባለት ነበር፤ ዘንድሮ ቲክን ፈርቶ ማንም ብቅ አላለም። እኔም ጎረቤቷ፣ የመንደሩ አሮጌ መምህር፣ ጉልበቴ አልቋል።

አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል ሳይ፣ ሉየን የቤቷን የእንጨት በሮች ነቅላ በዛፉ ሰሜን በኩል ለነፋስ መከለያ አቁማቸዋለች። ገበታውን በሩዝ ገለባ ጠቅልላ፣ አፈሩ ላይ የገለፈት አመድ አልብሳ፣ በቀርከሃ ቅስት ላይ ላስቲክ ትወጥራለች።

«አንቺ ሴት፣ በር በሌለው ቤት ልትተኚ ነው?» አልኳት።

«መምህር፣ ሌባ ገብቶ ምን ያገኛል? የሚሰረቀው እዚህ ውጭ ነው ያለው። ይልቅ ያንን ጫፍ ይያዙልኝ። ላስቲኩ ቅጠሉን እንዳይነካው፣ ከነካው ያጠቁረዋል።»

ያም ሆኖ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ጀመረ። ብርዱ ጭራሽ በበረታበት ሰሞን የቲክ መኪና ደጃፏ ላይ ቆመ። ከመንደሩ የጠራቸው አራት ተሸካሚዎች ተከትለውታል።

«አላልኩም እትዬ?» አለ ቲክ የረገፈውን ቅጠል በጫማው እየገፋ። «የጨው እጅ! በሉ አንሡት።»

ሉየን ከራሷ ላይ የሐዘን ሻሿን ፈታች። በጥርሷ ይዛ ለሁለት ቀደደችው። ግማሹን በሳኑ ግንድ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች፣ ግማሹን ራሷ ላይ መለሰች።

«እንግዲህ ሐዘንተኛ ነው» አለች። «ሐዘንተኛን ከአባቱ ቤት ጎትቶ የሚያወጣ ካለ ይምጣ።»

ሐዘንተኛን ከቤቱ ያወጣ ሰው ሞት ወደ ልጆቹ ይዞርበታል ይባላልና ተሸካሚዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። «እኔ እንኳ ልጆች አሉኝ» አለ ኛም የሚባለው ትልቁ፣ ወደ ኋላ እያለ።

«ዛፍ እኮ ነው!» ጮኸ ቲክ። «ደግሞ ዛሬ የታሰረ ሻሽ ይቆጠራል?»

«የታሰረማ ታስሯል» አለ ኛም።

«ዛፍ ከሆነ እስቲ ሻሹን ፍታው» አለችው ሉየን። «አንተ መፍታት ታውቅበታለህ። ያንተስ ሻሽ የታለ ቲክ? ሐዘኑ እኮ አላለቀም።»

የቲክ እጅ ሳያስበው ወደ ባዶ ግንባሩ ሄደ። ከሐዘንተኛ የሚገዛ የለምና ለበዓሉ ገበያ ሲል አውልቆታል፤ ሁላችንም አየነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«እናንተ ደግሞ ምን ትገተራላችሁ?» ዞረችባቸው። «ስትለፈልፉ በረደው። አራት ሆናችሁ መጥታችኋል፣ በሩም ተነቅሏል። ወደ ውስጥ አስገቡት!»

ኛም ቲክን አየ፣ ሻሹን አየ። «ወደ ውስጥ ማስገባት ማውጣት አይደለም» ብሎ ጎንበስ አለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

«ቀስ! ሥሩን እንዳትነኩ! በግራ በኩል፣ ኛም፣ በግራ!»

ለሞቱት አያቶች ዕጣን በሚታጠንበት መሠዊያ ሥር፣ በኳት ፎቶግራፍ ፊት አስቀመጡት። ቲክ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ግቢው መሐል ቀረ።

«ታደርቂዋለሽ!» አለ። «በዚያ እጅሽ ታደርቂዋለሽ!»

«ካደረቅሁት ና፤ ለማገዶ ትወስደዋለህ» አለችው ከውስጥ። «መምህር፣ በሮቹን ያቀብሉኝ። ነፋስ ገባበት።»