ስም ያልወጣላት የአልዩ አምባ ተርብ

ፈሂማ ተርቧን ከቀኝ ክንፏ ሥር በቀጭን መርፌ ወግታ ቡሽ ላይ አቆመቻት። እግሮቿን በወረንጦ አንድ በአንድ ዘረጋች፣ ክንፎቿን በወረቀት ቁራጭ ደገፈች። ደብረ ብርሃን ውስጥ ነፍሳት በሚጠኑበት በዚህ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ መለያ ወረቀት እጽፍ ስለነበር ከፊቷ ይልቅ እጇን አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን እጇ ዘገየ።

ተርቧን የላከላት ወንድሟ በሽር ነበር። አልዩ አምባ ማሽላ ያርስ ነበር፤ እንግዳ ተርብ ሲያይ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ከትቶ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወጣ ሰው ይልክላታል። ይህችን በላከ በሦስተኛው ሳምንት ወባ ገደለው።

የተርብ አጥኚው ዶክተር ሠረቀብርሃን በማይክሮስኮፕ ሲያያት አረፈደ። ወገቧ ከሚያውቃቸው ተርቦች ሁሉ ይረዝማል።

«ይህቺ አዲስ ሳትሆን አትቀርም። ግን በአንዲት ብቻ አዲስ ዝርያ ናት ማለት አይቻልም፤ ጎጆዋና እህቶቿ ያስፈልጉኛል። እትዬ ፈሂማ፣ ቅዳሜ ወርደው ያምጡልኝ፤ ዝናብ ከገባ ጎጆው ይፈርሳል።»

ጎጆው በበሽር ቤት ጣሪያ ክፈፍ ሥር ነው። ቤቱ እሱ ከሞተ ጀምሮ ዝግ ነው።

«ሌላ ሰው ይላኩ፣ ዶክተር።»

«ጊንጥ በእጅዎ ሲይዙ አይቼ፣ ዛሬ ተርብ ፈሩ ልበል?»

«ተርብስ አልፈራም።»

«ያገኛት ወንድምዎ ነው፤ በስሙ እጠራታለሁ።»

ፈሂማ ቀና አለች። «በበሽር?»

«በበሽር።»

ቅዳሜ የጨርቅ ከረጢት ይዛ ወረደች። የሆነውን የነገረችኝ ቆይታ ነው።

ከግቢው እንደገባች በሩ ሲጫር ሰማች፤ ሰው ከውስጥ በጥፍሩ የሚፍቅ ይመስላል። ቢስሚላህ ብላ ቀረበች። አንዲት ተርብ ለጎጆዋ ከበሩ እንጨት እየላገች ነበር። በሽር መስኮቱን ቀብቶ በተረፈው ሰማያዊ ቀለም ተርቦቹ የመጡበትን ቀን በሩ ላይ ይጽፍ ነበር። አብዛኛው ፊደል ተልጎ አልቋል፤ የቀረው እንደ ጥላ ደብዝዟል። ቀና ስትል ግራጫው ጎጆ ላይ ሰማያዊ መስመሮች አየች።

ሁሉም ተርቦች እስኪገቡ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሲመሽ በርጩማ ላይ ቆማ ከረጢቱን ከጎጆው በታች ከፈተች። ጎጆው ውስጥ ይርመሰመሳሉ፤ ድምፁ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚያወራ ሰው ነበር። ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ከረጢቱን ቀስ ብላ አጠፈችና ከበርጩማው ወረደች።

«እጁ ገና ጎጆው ውስጥ ያለ መሰለኝ» አለችኝ።

ሰኞ ዶክተሩ ጠየቃት።

«አልተመቸኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ» አለችው።

ሦስት ቅዳሜ አለፈ። በአራተኛው ዝናቡ ገባ፤ ፈሂማ አልወረደችም።