ውሃ ይሻላል ያልኳት

ልጄ እናቷ ከሞተች ወዲህ ምክር የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጠየቀችኝም ስለ ጋብቻ ወይም ስለ ሥራ አልነበረም። ጌም የምትጫወትበትን ኮምፒውተር በአየር ላቀዝቅዘው ወይስ በውሃ ብላ ነው።

እኔ የትራክተርና የኮምባይነር መካኒክ ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን የተማርኩት ዘይት ከጠገቡ መመሪያዎችና ካበላሸኋቸው ሞተሮች ነው። መመሪያዎቹ በእንግሊዝኛ ስለነበሩ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር የማነባቸው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም ብል እዋሻለሁ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ በሽታ አለበት፤ እውቀቱን ማንም ስላልሰጠው ማንም የሚያርመው አይመስለውም።

ልጄ ሁሩታ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ናት። የተከራየችበት ግቢ ቆጣሪው የጋራ ነው። አከራይዋ ከአምፖልና ከስልክ ቻርጀር ሌላ ነገር ሲሰካ ካዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አሰላ፣ እኔ ቤት ተቀመጠ። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች፤ እስከ እሁድ ከሰዓት ትጫወትና ትሄዳለች። አንዲት የሰው ልጅ የምታስተምር ሴት መኪና ስታጋጭና ሰው ላይ ስትተኩስ መዋሏን አልወደድኩትም። ይህንኑ ነግሬያታለሁ፣ ከአንድ ጊዜም በላይ። ግን በቀሩት ቀናት ቤቴ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነበር። አንዳንዴ ለሬዲዮው መልስ ስሰጥ ራሴን እይዘዋለሁ። ቅዳሜ ልጄን የምታመጣልኝ ያቺ የኮምፒውተር ሳጥን እንደሆነች አውቅ ስለነበር ሳጥኗን እንደ እንግዳ አከብራት ነበር።

በአጨዳ ሰሞን ኮምፒውተሩ ጨዋታ መሃል ድርግም እያለ ይጠፋ ጀመር። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር አሳየችኝ፤ የሞተር ውሃ ሊፈላ ሲል የሚያሳየው ዓይነት ቁጥር ነበር። የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን እንደሚያጠፋ ነገረችኝ።

«አዳማ ያለችው ጓደኛዬ እኔ ጋ አምጪው ብላኛለች» አለች። «እዚያ ሠሪም አለ። ቤቷም ሰፊ ነው።»

«አዳማ? ይሄን የጋለ ነገር ለዚያ ሙቀት?»

ያወራሁት ስለ ሙቀት ነበር። የፈራሁት ግን ለቅዳሜዬ ነው።

«ካልሆነ ማቀዝቀዣ መቀየር ነው። ሁለት ዓይነት አለ አባባ። አንዱ ትልቅ ብረትና ፋን ነው። ሌላው ውሃ አለው፤ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ራዲያተር። የቱ ይሻላል ይላሉ?»

ራዲያተር የሚለውን ቃል ከልጄ አፍ ስሰማ ወንበሬን አስጠጋሁ።

«ውሃው» አልኳት።

«ገና ነግሬ አልጨረስኩም እኮ።»

«አያስፈልግም። ውሃው።»

«እኔ አየሩን ነበር ያሰብኩት። አሰላ ብርድ ነው፤ ቤት ውስጥ ጋቢ ደርበን አይደል የምንቀመጠው? ደግሞ ብረትና ፋን ምን ይበላሻል? ፋኑ ቢሞት ሌላ ፋን ይገባል። ውሃው ካፈሰሰ ግን ሁሉንም ይዞ ነው የሚሄደው።»

«የሚያፈሰው በደንብ ያልተያዘ ነገር ነው።»

«እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ትራክተር ያደርጉታል።»

ከዚያ የዴራውን ታሪክ አነሳሁ። በወጣትነቴ አሰላ ላይ እንደ ልብ የሚሠራ ትራክተር ወደ ዴራ ቆላ አውርደን ነበር። ራዲያተሩ በእብቅ ተደፍኖ ስለነበር ገና ሁለት ትልም ሳያርስ ፈላ። ብዙ ጊዜ የሰማችው ታሪክ ነው፤ ቢሆንም አገጯን በእጇ ደግፋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አሁን ሳስበው ታሪኩ የሚያግዘው እሷን ነበር፤ ትራክተሩ ውሃ ነበረው፣ ራዲያተር ነበረው፣ ሆኖም ፈላ። ይህን ሳታስተውል የቀረች አይመስለኝም። ግን «እሺ፣ እንዳሉ ይሁን» አለች። ልጁ ሲረታለት ደስ የማይለው አባት አለ ቢሉኝ አላምንም።

ዕቃው ከአዲስ አበባ መጣና ራሷ ገጠመችው። እኔ ባትሪ አብርቼ ያዝኩላት። ቁጥሩ ወረደ፤ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ምንም ሳይጠፋ ዋለ። በሁለተኛው ቅዳሜ በኮምባይነር ስንዴ የሚታጨድበት ጨዋታ አምጥታ ጠራችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አዟዟሯን ነቀፍኩ፤ የማሳውን ጥግ እየዘለለች ነበር። «እንኩ እርስዎ ይንዱት» ብላ መዳፊቱን ሰጠችኝ። ኮምባይነሩን ወንዝ ውስጥ ከተትኩት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቤት ሁለት ሰው አንድ ላይ ከሳቀ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እሁድ ስትወጣ «ፓምፑ ትንሽ እየተንጎራጎረ ነው፤ ቅዳሜ አየዋለሁ። እስከዚያ እንዳይነኩት» አለችኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ነካሁት።

እኛ መካኒኮች ጠዋት ሞተር ሳናስነሳ የራዲያተር ክዳን ከፍተን ውሃ እናያለን፤ ከጎደለ እንጨምራለን። ይህን ያልሠራ ሰው ጋራዤ ውስጥ ቁርስ በልቶ አያውቅም። ውሃ የጎደለው ሞተር ደግሞ ይንጎራጎራል። ስለዚህ ሳጥኑን ከፍቼ ክዳን ፈለግሁ፤ ክዳን የለውም። ክዳን የሌለው ራዲያተር የተሠራው እንዳይከፈት መሆኑ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የሠራው ሰው የረሳው መሰለኝ። ጠርዙ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አገኘሁና በካቻቪቴ ፈታኋት። ተራ ውሃም አልተጠቀምኩም፤ ንጹሕ የባትሪ ውሃ በመርፌ ስቤ በጥንቃቄ ጨመርኩ። መልሼ አጠበቅሁ። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። ቅዳሜ መጥታ ድምፁ ጠፍቶ ስታገኘው ምን እንደምትል እያሰብኩ ማብሪያውን ተጫንኩ። በብሎኗ ሥር ውሃው ወጥቶ ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ወረደ። ጢስ የለ፣ እሳት የለ፤ ጠቅ አለና ዝም አለ።

ሌላ ሰው የማያውቀውን ነገር እንዳይነካ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ምን እንደምላት ሳዘጋጅ ቆየሁ፤ ያዘጋጀሁትም ውሸት ነበር።

ቅዳሜ መጣች። ማብሪያውን ተጫነች፤ ደግማ ተጫነች።

«ሐሙስ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር» አልኳት።

እውነት ነው፣ ሲሄድ ሲመጣ ነበር። ከዚህ የከፋ ውሸት የለም፤ ሐሰት ቃል የለበትምና ሰው ይዞ ሊከስስህ አይችልም። ልጄ አመነችኝ። መብራቱን ረገመች፤ ሻይ አፈላች፤ ምሳ አቀረበች። «እርስዎ ምን ያድርጉ» እያለች ታጽናናኝ ጀመር። ያን ጊዜ ጉርሻዬን መሶቡ ላይ መለስኩት።

«መብራቱ አይደለም» አልኩ። «ውሃ ጨምሬበት ነው።»

ጉርሻዋን እንደያዘች አየችኝ። «ምን ጨመሩበት?»

«ውሃ። የባትሪ ውሃ።»

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። እጇን ታጥባ መጣችና ሳጥኑን እያየች «አየር ገብቶበት ነው እኮ የተንጎራጎረው። ሳጥኑን ማዘንበል ብቻ ነበር፤ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል» አለች። አውቀዋለሁ። ውሃ የቀየርኩለትን ትራክተር ሁሉ አፍንጫውን ወደ ዳገት አቁሜ አየሩን ሳስወጣ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።

ሳጥኑን እየከደነች «እንዳይነኩት ብዬ ነበር» አለች። ቀጥላ ደግሞ ቀስ ብላ «ግን ምሳ እስካቀርብ ለምን ዝም አሉኝ?» አለች። ለመጀመሪያው ይቅርታ ጠየቅኳት። ሁለተኛውን ሳልመልስ ተነሥቼ መሶቡን አነሣሁ።

በማግስቱ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። አዳማ ሌላ ማዘርቦርድ ተገጠመለት፤ ማቀዝቀዣውም አየር ሆነ፣ ብረትና ፋን። በአዳማ ሙቀት እንኳ በደንብ ይሠራል። አሁን ቅዳሜዋን እዚያ ነው የምታሳልፈው። እኩለ ቀን ላይ ትደውልልኛለች፤ በዚህ አታማም።

«ስንት ዲግሪ ነው?» እላታለሁ።

ትነግረኛለች።

«ደህና ነው። አቧራውን አራግፊለት።»

«እሺ አባባ።»

ወራት እንዲህ አለፉ። ያለ ሳጥኑ ትመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ ያለ ሳጥኑ ጠርቻት አላውቅምና። ባለፈው ቅዳሜ ስትደውል ዲግሪውን አልጠየቅኳትም። «ኮምፒውተሩ እዚያው ይቆይ፤ አንቺ ነይ» አልኳት።

«መጥቼ ምን እናደርጋለን?» አለች። ለክፋት አልነበረም፤ እውነቷን ነው የጠየቀችው።

የሚመለስ ነገር ፈለግሁ። ጓሮውን፣ ገበያውን፣ የእናቷን መቃብር አሰብኩ።

«እንጃ» አልኳት።

ይህን ቃል ከእኔ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «አባባ?» አለች።

«አለሁ።»

«እስቲ አያለሁ» አለች። ከኋላዋ ጓደኛዋ ስትጠራት ሰማሁ፤ ደህና ይዋሉ ብላ ዘጋችው።