ማን ሞቶብሽ ነው የተላጨሽው?

ፀጉሬን የወሰደው መድኃኒት ነው። አዲስ አበባ፣ ካንሰሩን ያጠፋል ብለው በደም ሥሬ የለቀቁብኝ መድኃኒት መጀመሪያ የራሴን ፀጉር፣ ቀጥሎ ቅንድቤን ጠርጎ ወሰደው። ካንሰሩን ግን ምንም አላደረገውም። ይህንን ሐኪሙ የነገረው ለእኔ አይደለም፤ ባሌን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ነው። ባሌ ተመልሶ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። “ተሽሎሻል፤ ቀሪውን ቤትሽ ሆነሽ ታገግሚያለሽ ብለዋል” አለኝ።

“ዓይን ዓይኔን እያየህ ድገመው” አልኩት። ሊደግመው አልቻለም። መሞቴን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ወደ መንዝ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ልጄ ይህን ከማን አፍ ነው የምትሰማው? ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ አባቴ ታሞ ሳለ ወደ አክስቴ ቤት ልከውኝ ነበር። “አባትሽ ሊታከም አዲስ አበባ ሄዷል” አሉኝ። አመንኩ። ሲመጣ የማሳየው አንድ ግልገል ነበረኝ፤ ግልገሉ አድጎ በግ ሆነ፤ እኔ እጠብቃለሁ። ከዚያ አንድ ማለዳ ዘመዶቼ ተሰብስበው መጡና መርዶዬን ነገሩኝ። ለካ አባቴ ከተቀበረ ሰንብቷል። ያ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሞላሌ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ስንወርድ ነፋሱ ሻሼን ገፈፈው። በእኛ አገር ሴት ራሷን ተላጭታ ከታየች የቅርብ ሰው ሞቶባታል ማለት ነው። ድንች የምትሸጥ አንዲት ሴት አየችኝና እጇን ደረቷ ላይ ጭና “እኔን! ማን ሞቶብሽ ነው የተላጨሽው?” አለች።

“ገና ነው” አልኳት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። ባሌ ክንዴን ጨበጠኝ። እኔ ግን ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቄ መጣ። ሻሹን ከመሬት አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያየ ይየው፤ የሰረቅሁት ነገር የለም።

መሐል ሜዳ፣ ቤታችን ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለብሰው “እግዚአብሔር ያጥናሽ” እያሉ እየተቀባበሉ አቀፉኝ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ባሌ ፀጉሬ ማለቁን ለእናቴ በስልክ ነግሯት ኖሯል። እናቴ ደግሞ ልጄ ስታየኝ እንዳትደነግጥ ብላ ምክንያት አዘጋጀች፤ አዲስ አበባ ያሉት የእናትሽ አጎት ሞተው፣ እሷም ተላጭታ ነው የምትመጣው አለቻት። አዲስ አበባ የሚኖር አጎት ኖሮኝ አያውቅም። እናቴ በአንድ ቀን አጎት ፈጥራ፣ አጎት ገደለች። ልጄ ለጎረቤት ልጆች ተናገረች፣ እነሱ ለእናቶቻቸው፤ ይኸው ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጣ።

ልጄ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳለች፤ አይታቸው ለማታውቅ፣ ለሌሉ ሰው። እናቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። ደክሞኝ ነበርና መደቡ ላይ ተቀመጥኩ፤ ለዛሬ ልለፈው ብዬም ነበር። ልጄ ግን ወደ እናቴ ዞረች።

“እማማ፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነው?”

“ለምን ፈለግሽው?”

“ለንስሐ አባታችን ልነግራቸው ነዋ። ስማቸውን ካላወቁ በጸሎት እንዴት ያነሷቸዋል?”

እናቴ ጾም ሽራ የማታውቅ ሴት ናት። አጎት መፍጠር ችላለች፤ መቅደስ የሚገባ ስም መፍጠር ግን አልደፈረችም።

“አጎት የለኝም” አልኩ። “ማንም አልሞተም። ፀጉሬን ያረገፈው መድኃኒት ነው፤ በሽታውን ግን አላሸነፈውም። የምሞተው እኔ ነኝ።”

“ዝም በይ!” አለች እናቴ። “ሕፃን ፊት!”

“ስም የጠየቀችው ሕፃኗ ናት። እማ፣ እኔ ግልገል ይዤ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ልጄ አትጠብቅም።”

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሴቶች ያልቅሱ ይሂዱ ግራ ገባቸው። ልጄ አላለቀሰችም። መጥታ ራሴን ዳበሰችኝ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

“መቼ?”

“አላውቅም። ሳውቅ አልደብቅሽም።”

“ያኔ እኔም እላጫለሁ?”

“አትላጪም። ፀጉርሽን የነካ ወዮለት!”

“ታዲያ ሹሩባ ማን ይሠራኛል?” አለችኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። መሞት አልፈልግም፤ ይህንንም ልጄ ፊት ተናገርኩት።

ዓይኔን ጠራርጌ ቀና ስል ባሌን አየሁት። ከጓሳ ሣር ገመድ ሲገምድ ያደገ ሰው ነው። “ያን ሁሉ ገመድ የገመደ እጅ ሹሩባ አያቅተውም። አንተ ትሠራታለህ” አልኩት። እናቴ “ወንድ ሹሩባ ሲሠራ የት ታይቷል?” ብላ ጮኸች። “እዚሁ ይታያላ” አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እኔ መደቡ ላይ ተጋድሜ አዛለሁ፣ እሱ ልጁን ጉልበቱ መሀል አስቀምጦ ይሠራል። “አትጎትት፣ በግ አይደለም የምታስረው!” እለዋለሁ። ላቡ ጠብ ይላል። ልጄ “አመመኝ” እያለች ትስቃለች፤ እሱ ይፈታና እንደገና ይጀምራል።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቆሜ ማስቀደስ ስላልቻልኩ ቅጽሩ ሥር ተቀምጫለሁ። የልጄ ሹሩባ አንዱ ወደ ጆሮዋ፣ አንዱ ወደ ግንባሯ ሄዷል። አንዲት የሰፈራችን ሴት አየቻትና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

“ምነው የኔ ልጅ፣ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሠራሽ?”

“አባቴ” አለች ልጄ፣ ቀና ብላ። “እናቴ ስለምትሞት እየተማረ ነው።”

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። እናቴ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ዝም በይ አላለቻትም።